ለብርታት የጠጣሁት ወተት

ሕመሜ የጀመረው በላብ ነው። ወደ ማታ ትኩሳቱ ይነሳብኝና ጠዋት ይለቀኛል፤ ወገቤና ጉልበቴ ግን አልታዘዝ አሉኝ። ነፍሰ ጡር ስለነበርኩ «የእርግዝና ነው» ተባለ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ያለ ክሊኒክ ደግሞ ታይፎይድ ነው አለኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ ተመለሰ።

እማዬ የምላቸው አማቴ ጓሯቸው ውስጥ ሦስት ላሞች ነበሯቸው። ለደከመ ሰው ከወተት የተሻለ መድኃኒት የለም ባይ ናቸው፤ እንደታለበ፣ አረፋው ሳይጠፋ ያመጡልኛል። «ከፈላማ ምን ኃይል አለው? ጠጪ፣ ልጄ!» ሕመሜ በባሰ ቁጥር ኩባያው ተለቅ ይላል።

በስድስተኛው ወር ደም አየሁ። ሆስፒታል ገባሁ። ልቡ አይመታም አሉኝ። ወንድ ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ አጠገቤ ተቀምጣ «ቤት ከብት አላችሁ? የጨነገፈች ላምስ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ነበረችን። ቦራ የምንላት ላም ጥጃዋን ያለጊዜው ጥላ ነበር፤ እኛ አዳልጧት ነው ብለን ትተነዋል። የደም ምርመራዬ ብሩሴሎሲስ አሳየ፤ ከከብት ወደ ሰው፣ በጥሬ ወተትም የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ።

የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከሦስቱም ላሞች አንገት ደም ቀዳ። ቦራ ተገኘባት። «ትታረድ እንጂ ለማንም እንዳትሸጥ» አለ። እማዬ ግድግዳ ተደግፈው «በገዛ እጄ?» አሉ። ተቀይሜያቸው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር አንድ ሰው የቦራን ወተት ዝና ሰምቶ ሊገዛት መጣ፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ ወተት ያስፈልጋታል። እማዬ በሩ ላይ ቆሙበት።

«ሂድ፣ ልጄ። ይቺ ላም የልጅ ልጄን በልታብኛለች። የሰው ልጅ አላስበላትም።»

ቅያሜዬ ያኔ ለቀቀኝ። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን የሚባሉትን መድኃኒቶች ሳላቋርጥ ለሳምንታት ወስጄ፣ ላቡ ቀስ በቀስ ጠፍቶ፣ በእማዬ ክንድ ተደግፌ ግቢ ውስጥ መራመድ ጀመርኩ፤ ቦራም ታርዳ ተወገደች።

ትኩሳት እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ፣ ከብት ካላችሁ ሳትጠየቁ ለሐኪም ንገሩ። ላም ከመግዛታችሁ በፊት ደሟን አስመርምሩ። ላም የጨነገፈችውን ጽንስ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ወተት አፍሉ። ያቺን ጥያቄ የጠየቀችኝን ሐኪም እግዚአብሔር ይባርካት።

ቦራን ሊገዛ መጥቶ የነበረው ሰውዬ በቅርቡ ሚስቱ በሰላም መገላገሏን ሊነግረን መጣ። እማዬ እልል አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ እንኳን ማርያም ማረቻት አልኩና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።