ግራጫው ሞተር

ሞባይል ቦንጋ በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ኢስሃቅ ሞተር ብስክሌት ከሚሸጥበት ሱቅ አንዲት ሴት አየሁ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሷል፤ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች።

ከሁለት ሞተሮች አንዱን ልትመርጥ ነው የመጣችው። ቀዩ ረጅምና ፈጣን ነው። ግራጫው ዝግ ይላል ይባላል፤ ግን ጭቃም ዳገትም አይበግረውም።

ቀዩን ሞክራ ስትመለስ እየሳቀች ነበር።

"ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚያስቀምጠኝ" አለች፣ ከሳቋ ብዛት የመጣ እንባዋን እየጠረገች።

"እንግዲያው ቀዩን ይውሰዱት፣ እትዬ" አላት ኢስሃቅ።

የቀዩን መቀመጫ ዳበስ አደረገችው። "ልቤስ እሱ ላይ ነው። ግን እኔ አዋላጅ ነኝ። ወደ ቢታ ገነት በሚወስደው መንገድ ላይ ቢቆምብኝ ምጥ ይጠብቀኛል?"

ግራጫውን አስነሳች። ቀስ ብላ ትሄዳለች ስንል ነዳጅ ሰጠችው። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ከመቀመጫው ብድግ ብላ ቆመች፤ ከመታጠፊያው ማዶም የገዛ እልልታዋ ተሰማን።

ኢስሃቅ ወደ መታጠፊያው አሻግሮ አየ። "ይሄ ሞተር እንዲህ እንደሚሮጥ እኔም አላውቅም ነበር" አለ።