ራዳሩን የመረጥሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ቁጣዬን፣ ጠላ ማብዛቴን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ይህችን ብቻ ከምላሴ ሥር እያስቀረሁ ኖሬያለሁ። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ እጽፈዋለሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር ሳይቀል አይቀርም።

መጀመሪያ ማን እንደሆንሁ ልንገራችሁ። በደብረ ታቦር ዲሽ ማን ተከለ ቢባል እኔ ነኝ። ከገሳይ እስከ ሐሙሲት የሞተ ቴሌቪዥን ያስነሣሁ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። እንግሊዝኛውንም ከዕቃ ካርቶን ላይ እያነበብሁ ብቻዬን ነው የለመድሁት። ዲግሪ ያላቸው ፈትተው መግጠም ያቃታቸውን እኔ ገጥሜያለሁ። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው፤ በደሌም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ይበልጣል የክርስትና ልጄ ነው። አዲስ አበባ በአንድ የጎልፍ ሜዳ የተጫዋቾችን ዱላ እየተሸከመ ጨዋታውን ተማረ፤ ኋላም ከሚሸከምላቸው ሰዎች የተሻለ መታ። እናቱ ስትታመም ሊያስታምማት ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። እሷ ካረፈች በኋላ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ሳለ የድሮው ሜዳ ለጀማሪዎች አሰልጣኝ ሊቀጥር መሆኑን ሰማ። ፈተናው ከመስቀል በኋላ ነው። ክረምቱን ሙሉ መለማመድ አለበት፤ የእኛ አገር ሜዳ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው፣ ከጭቃ የተረፈው ገብስና ድንች ተዘርቶበታል። ስለዚህ በእናቱ የእህል መጋዘን መረብ ሰቅሎ፣ በፕሮጀክተር የሜዳ ሥዕል እያበራ ሊመታ አሰበ። የጎደለው፣ መረቡ ባይዘው ኳሱ ወዴት ይሄድ እንደነበር የሚናገር መለኪያ ነው። የእናቱን በሬ ሸጦ መጣና «አባባ፣ እርስዎ ይምረጡልኝ» አለኝ።

መረጥሁ።

መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ካሜራ ነው፤ ከኳሱ ጎን ተቀምጦ ዱላው ኳሱን የሚነካበትን ቅጽበት ያያል፣ ለጠባብ ቤት ይሆናል። ሌላው ራዳር ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ የኳሱን በረራ ይከተላል፣ ስለዚህ ኳሱ የሚበርበት ርቀት ይፈልጋል። ይህን ያኔ አውቅ ነበር? ግማሹን። ዲሽ ያወቀ ራዳር አያቅተውም ብዬ ነበር። ሻጩ በስልክ «አባቴ፣ ከኳሱ እስከ መረቡ ስንት ሜትር ነው?» ሲለኝ፣ ትናንት የተወለደ ልጅ እኔን ይፈትነኛል ብዬ ተቆጣሁ። «ከበቂ በላይ ነው» አልሁት። አልለካሁም። እኔ በዓይኔ የምለካ ሰው ነኝ። ራዳሩን አዘዝሁ።

ገና ዕቃው ሳይደርስ ጠላ ቤት ገብቼ ስለ ራዳር አስተማርሁ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይህ ራዳርዎ ጉና ላይ የጠፋችብኝን በግ ያገኝልኝ ይሆን?» አለኝ አንዱ።

«በግህን ብቻ? የበላትን ጅብ ስሙን ከነአባቱ ይነግርሃል» አልሁት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ዕቃው መጣ፤ ገጠምሁት። ይበልጣል መታ። ሥዕሉ ላይ ኳሱ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዛፍ ውስጥ ገባ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ወደ ቀኝ።

«አባባ፣ ለእጄ ግን ቀጥ ብላ የሄደች ነው የተሰማኝ።»

«መሣሪያ አይዋሽም። የሚዋሸው እጅህ ነው።»

«እሺ፣ አባባ።»

እሺ አለ። ምን ይበል? የክርስትና አባቱን ተሳስተዋል ከማለት፣ ክንዴ ተሳስቷል ብሎ ማመን ይቀለዋል። እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግነው።

እኔ ግን ውስጤ ጠርጥሯል። በሌላ ቀን እሱ በሌለበት መጋዘኑን ለካሁ፤ አጭር ነው። ለሻጩ ደውዬ ልኩንም የቆርቆሮ ግድግዳውንም ነገርሁት። «አባቴ፣ ለዚህ ቤት ራዳር አይሆንም። የቆርቆሮ ግድግዳውም ያሳስተዋል። ይመልሱትና በካሜራው እንቀይርልዎታለን» አለኝ። ሊቀይሩልኝ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው ይበልጣልን «ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር። ጠላ ቤቱ ትዝ አለኝ። ያ ሳቅ ወደ እኔ ሲዞር ታየኝ። አልተናገርሁም።

ዝም ብል እንኳ በተሻለ ነበር። እኔ ግን ሄጄ አቋቋሙን አረምሁ። «ትከሻህን ወደ ግራ መልስ፤ አንጓህን እንዲህ አዙር» አልሁት። በሕይወቴ አንዲት የጎልፍ ኳስ መትቼ አላውቅም። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ አረምሁት። ቀጥ ያለውን ክንድ ያጣመምሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ያጣመምሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ሥዕሉ ላይ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ይበልጣል ዘሎ እጄን ሳመ። እኔም አጨበጨብሁለት። እያወቅሁ እንዴት አጨበጨብሁ? አላውቅም። እጆቼ አጨበጨቡ።

ለፈተናው ሄደ። በሰፊው ሜዳ ላይ የመታው ሁሉ ወደ ግራ ወጣ። የድሮ ጓደኞቹ፣ አብረውት ዱላ የተሸከሙት፣ ቆመው ያዩት ነበር። አልተቀጠረም።

ሲመለስ ቀጥታ ወደ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

«አባባ፣ ልፋትዎን ከንቱ አደረግሁት። ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ ሳለ እንኳ እችል ነበር። እኔ ምን አልሁት? «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ» አልሁት። ራሱንም ዳበስሁት።

ዛሬ ገሳይ ላይ ድንች መኪና ላይ ይጭናል። ዱላ መልሶ አልያዘም። ሰው ሲጠይቀው «እኔ ድሮም እጄ አይረባም ነበር» ይላል አሉ። ለገበያ ወደ ደብረ ታቦር ሲመጣ መንገድ ላይ ካገኘኝ ሸክሙን አውርዶ እጅ ይነሣኛል፤ እኔም አጸፋውን እመልሳለሁ፤ እናልፋለን።

ይህን ስጽፍ እንባ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ደረቴ ውስጥ የሚሰማኝ ነገር የለም፤ እንዲሰማኝም እያስገደድሁ አይደለም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ሽምግልናዬን፣ አለመማሬን ሰበብ አላደርግም፤ ማወቅ የነበረብኝን አውቄ ነበር። ገሳይ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ሁልጊዜ አለ። ሄጄ አልነገርሁትም። እስከ ዛሬ ድረስ፣ ከሁለታችን ይቅርታ የተደረገለት እሱ ነው።