እስከ ደብረ ሲና ከፍየል ጋር

ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ድረስ በእግሬ ልወጣ ተነሳሁ። የረጅም የእግር ጉዞ ትልቁ ጠላት ክብደት ነው። ይህን ከዩቲዩብ ስለተማርኩ የጥርስ ብሩሼን እጀታ ሳይቀር ቆርጬ ጥያለሁ።

ከተማው መውጫ ላይ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ፍየል እየጎተቱ አገኙኝ።

«ደብረ ሲና በእግሩ ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ መኪና የሚባል ነገር አልነካም» አልኩና ስለ ክብደት በሰፊው አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ገመዱን እጄ ላይ አደረጉት።

«እንግዲያው ይቺን ለልጄ አድርስልኝ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ አለው። አትከብድህም፣ እግር አላት።»

አደራ እምቢ አይባል ነገር። ፍየሏ ሜዳውን እየመራችኝ ሄደች፤ ዳገቱ ሲጀምር ግን ተኛች። ብጎትታት፣ ብለምናት፣ ስለ አተነፋፈስ ባስረዳትም አልተነሳችም። ትቻት እንዳልሄድ አደራ ናት፤ መኪና እንዳልሳፈር ጉዞዬ ይበላሻል። ተሸከምኳት።

ሲመሻሽ ደብረ ሲና ደረስኩ። ሱቁ በር ላይ ጋሽ ሰይድ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ።

«ጋሼ፣ በምን መጡ?»

«በሚኒባስ ነዋ።»

«ታዲያ እሷን ለምን ይዘዋት አልመጡም?»

ፍየሏን ቀስ አድርገው ከትከሻዬ አወረዷት።

«እሷን እኮ መኪና አይስማማትም።»