ማጭዱ ከአንሶላው ሥር

ባለፈው ኅዳር መተማ ዮሐንስ ውስጥ ለአንድ ሥልጠና ተጠርቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥልጠና ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል፤ ሰውም አገኛለሁ፣ ምሳም አለ። የጠራን አከርካሪያቸው ተጎድቶ ከወገባቸው በታች ሽባ ለሆኑ ሰዎች የሚሠራ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ያድላል፣ አስታማሚ ያሠለጥናል፣ የተጎጂዎችንም ታሪክ ለምርምር እየጠየቀ ይመዘግባል። ባጃጅ ተገልብጦበት የተጎዳ አንድ ልጅ ወንበሩ ላይ ሆኖ ስለ ራሱ ያወራን ነበር። ድንገት ቀኝ እግሩ ብድግ አለና የወንበሩን ብረት ይመታው ጀመር፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ልጁ ጉልበቱን በእጁ ጫን አደረገና፣ «አይዟችሁ፣ ይቺ እኔን ሳታስፈቅድ ነው የምትጨፍረው» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ተነስቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ከርከዴ የሚሉትን ቀዝቃዛ ቀይ መጠጥ ሰጡኝ፤ ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት።

በዚያው ቆላ፣ ሽንፋ ክሊኒክ የተመደብኩት በሃያ ዓመቴ ነው። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግኩ፣ ጫማዬን አቧራ ሲነካው የምበሳጭ፣ አፌ ከእኔ የሚቀድም ጤና ረዳት ነበርኩ። ጭልጋን አልፎ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለኝና፣ «እዚህ አገር ደግሞ ሰው ይኖራል እንዴ?» ብዬ ሾፌሩን አስቄዋለሁ። ይኖራል እንጂ! ያውም ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃምም ከወሎም ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ይጎርፉና መሬቱ ሰው በሰው ይሆናል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ጤነኛ የተባለ ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ከተማው ውስጥ የሚቀረው በሽተኛና እኔ ነን።

ደምሌን ያመጡልን በዚያ ወቅት ነው። የጎጃም ልጅ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። ኩንታል ተሸክሞ በሳንቃ ወደ መኪና ሲወጣ ወደቀ፣ ኩንታሉም ጀርባው ላይ አረፈ። ባልንጀሮቹ በብብቱ ገብተው «ተነስ እንጅ፣ ወንድ አይደለህም?» እያሉ ሊያቆሙት ታገሉ። ትልቅ ሆስፒታል ታይቶ፣ ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ጥሩ አስታማሚ ነው ተብሎ ተመለሰ። አገሩ እስኪሄድ እኛ ክሊኒክ አንዷ ክፍል ውስጥ ተኛ። አብሮ አደጉ እንየው ሥራውን ትቶ አጠገቡ ቀረ።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ታከለ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። መድኃኒት ሊያመጡ ጎንደር ሲሄዱ አልጋው አጠገብ አቆሙኝና፣ «ስሚ ልጄ፣ ይህ ሰው ከወገቡ በታች ቢቆርጡት አያውቅም፤ እሳት ቢነካው አይጮህም። የሚያመው በአንች ዓይን ነው። እግሩን በቀን ሁለቴ ገልጠሽ እይ። ካላየሽለት ይሞትብሻል» አሉኝ። እኔም «ይቺማ ምን አላት!» አልኩ።

መጀመሪያ ላይ በእውነትም ቀላል ነበር። እገለብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ እግሩን አያለሁ። የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ እንየው ያጎርሰዋል፤ እኔ ደግሞ «ሙሽራው አልጠገበም ወይ?» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። አንድ ቀን በቀትር ስገባ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«ሐኪሟ፣ እግሬን አውርጅልኝ» አለኝ። «ወደ ላይ ተሰቅሎ ሞትኩ።»

አየሁ። እግሮቹ አልጋው ላይ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል።

«ወርዷል እኮ ደምሌ።»

«ኧረ በማርያም! ይኸው፣ ጣራውን ሊነካ!» በዓይኑ ከደረቱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ያሳየኛል። ልስቅ ብዬ እንባውን አየሁ። ሁለት እጆቼን ወደዚያ ባዶ ቦታ ዘረጋሁ፤ የሌለ እግር አቅፌ፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ፍራሹ አወረድኩ።

«ቀስ... ቀስ... እሰይ! አሁን ወረደ» ብሎ ተነፈሰ።

ምን ልበላችሁ፣ የያዝኩት አየር ነው። ክንዴ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ክንድ ዝሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በቀትር ይጠራኛል፣ በየቀኑ አወርድለታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ?

የቆላ ቀትር ያላየ ሰው ዝምታ ምን እንደሆነ አያውቅም። አህያው እንኳ ጆሮውን አያንቀሳቅስም። ቆርቆሮው ብቻ በሙቀት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከመጋዘኑ የደረቀ ሰሊጥ ሽታ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ሰዓት እንደ ልማዴ አየሩን አቅፌ አወረድኩና «በቃ፣ ወረደ» አልኩት። ቀና ስል አንሶላው ተነሳ። እግሮቹ፣ እነዚያ የሞቱት እግሮች፣ ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ደግሞ ታጠፈ። የአልጋው ብረት ግድግዳውን ጧ፣ ጧ ያደርገው ጀመር። እንየው ማእዘኑ ላይ ተለጠፈ። ደምሌ እግሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ማን እንደሆነ እይልኝ።»

ፈሪ ለእናቱ ነው፤ ወጥቼ ሮጥኩ። አየር ላይ የነበረውን ነገር በገዛ እጄ አውርጄ እግሩ ውስጥ የከተትኩት መሰለኝ። ተምሬያለሁ እኮ! ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ እኮ! ግን ውሃ የምትቀዳልን ሴት «የቀትር ጋኔን ነው» ስትል አፌን ሞልቼ አይደለም ማለት አልቻልኩም።

በማግስቱ እንየው ማጭድ ይዞ መጣ፤ ሰሊጥ ሲያጭድበት የከረመውን፣ ስለቱ የሚያበራውን።

«ጋኔን ብረት ይፈራል» አለኝ። «እናቴ ስትወልድ እንኳ ከራስጌዋ ብረት አይለይም ነበር። እግሩ ዘንድ ላስቀምጥለት?»

ሐኪሟ እኔ ነኝ። ምን ነካህ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን ይህን ነው፤ «ከአንሶላው ሥር አድርገው፣ ሰው እንዳያየው።» እንየው ሲያስቀምጠው ቀለል አለኝ። ብረቱ ደምሌን ይጠብቅ እኔን እንጃ።

አራት ቀን ወደ አልጋው አልቀረብኩም። ክኒኑን ከደጃፍ ለእንየው እሰጠዋለሁ፤ እሱም ብረቱን ላለመንካት ብሎ ከእግሩ በኩል አንሶላውን አይገልጥም። ደምሌ ከውስጥ «ሐኪሟ ዛሬም ሥራ በዛባት?» ሲል እሰማለሁ፤ ጧ ጧ የሚለውንም እሰማለሁ። «በዝቶብኝ ነው፣ ነገ እገባለሁ» እላለሁ። እሱም «እሽ፣ አይዞሽ» ይለኛል። እኔን አይዞሽ!

በአምስተኛው ቀን ከክፍሉ ሽታ ወጣ። ገብቼ አንሶላውን ገለጥኩ። እግሩ በተንፈራገጠ ቁጥር ተረከዙ ስለቱን ሲመታ ሰንብቷል። እስከ አጥንቱ ተከፍቷል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ደምሌ ሰውነቱ እንደ እሳት እየነደደ ፊቱ ግን ፈካ አለ፤ መጣሁለታ።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

አቶ ታከለ በዚያው ቀን ደረሱ። ቁስሉን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ያጥቡት ጀመር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፍራሽ አንጥፈን ሰሊጥ በጫነ መኪና አሳፈርነው፤ ጭልጋ ሳይደርስ አረፈ።

እንየው ከቀበረው በኋላ ጓዙን ሊወስድ ተመለሰ። ክሊኒኩ ደጅ መሬት ላይ ቁጭ አለና አፈሩን እየጫረ፣ «ገደልኩት» አለኝ። «ብረቱን ያመጣሁ እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ገደልኩት። ለእናቱ ምን ልበላት?»

የምለውን አውቀው ነበር። ማየት የእኔ ሥራ ነው፣ ቀን በቀን ባየው ኖሮ ጭረት ሆኖ ይቀር ነበር፣ ደብቀው ያልኩህም እኔ ነኝ። ሁለት ትንፋሽ የማይፈጅ ንግግር ነው። ያ ከእኔ የሚቀድመው አፌ ግን ያወጣው «እግዜር ያጥናህ» የሚለውን ብቻ ነበር።

«አንችስ ብዙ ደከምሽለት፤ ይስጥሽ» አለኝና ጓዙን አንጠልጥሎ ወደ መኪናዎቹ ሄደ።

ከርከዴውን ሳልጠጣ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። አሠልጣኟ፣ ገና ለጋ ልጅ፣ አከርካሪው ከተጎዳበት በታች ያለው ነርቭ ራሱን ችሎ ጡንቻን ሊያንፈራግጥ እንደሚችል፣ እግሩ በሌለበት ቦታ ያለ የሚመስለው ሰውም እንዳላበደ ታስረዳለች። ይህን እኔም ኋላ ነርስነት ስማር አውቄዋለሁ። ማወቄ ግን እስከ ዛሬ ቀትር ላይ ብቻዬን መቀመጥ ከመፍራት ሲያድነኝ አላየሁም። «ሲስተር፣ የገጠመዎት ነገር አለ?» ስትለኝ አለ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም።

የማኅበሩ ታሪክ መዝጋቢ ብዕሩን ይዞ፣ «የሞተበትን ምክንያት ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ በፍርሃት።

«እግሩን የማየው እኔ ነበርኩ፤ ፈርቼ አላየሁለትም። እንዲያ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ባለ ባጃጁ ልጅ ወንበሩን እየገፋ መጣና እጄን ያዘኝ። «እትዬ፣ ልጅ ነበሩ እኮ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። ልጅስ ነበርኩ፤ እንየውም ግን ልጅ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው ኖሬ፣ አውጥቼ ስናገረው ቅልል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ጥቂት ቀለለኝም፣ አልዋሽም። ሰባ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰማኝ። መስማት የነበረበት ሰው ግን በሕይወት ካለ ጎጃም ቁጭ ብሎ እስከ ዛሬ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላል።