ኸይራት ለልጇ መዋሸት የተወች ዕለት

ኸይራት ሞጣ ገበያ ዳር ባለው የጨርቅ ሱቅ ከባሏ ከሙሐመድሸሪፍ ጋር ስትነግድ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ቃሏ የታመነ ነው። በአንድ ነገር ብቻ ትዋሽ ነበር፤ በልጇ በኸይረዲን።

ኸይረዲን ጫት የለመደው ለሱቁ ዕቃ ጭኖ ሌሊት ሲመላለስ እንቅልፍ እንዳይጥለው ብሎ ነው። ኋላ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ጨመረበት። ደንበኞች «ልጁ የት ጠፋ?» ሲሏት ኸይራት «ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄዷል» ትላለች። እሱ ግን ጓዳ ተኝቷል። እህቱ ሲሃም ትውከቱን ትጠርጋለች፤ አባቱ እንዳላየ ያልፋል።

አንድ ጧት ሱቁን ሊከፍት ሲል ወድቆ ተንፈራገጠ። ሞጣ ላይ ሰው እንዳያያቸው ፈርተው ቢቸና ሆስፒታል ወስደው አሳከሙት።

ሲረጋጋ አምላኩ የሚባል የአእምሮ ጤና ነርስ ቤተሰቡን በሙሉ ላነጋግር አለ።

«የታመመው እሱ፤ እኛን ምን ያደርጉናል?» ብሎ ሙሐመድሸሪፍ ወደ ሞጣ ተመለሰ። እናትና ልጅ ቀሩ።

አምላኩ ኸይረዲንን፣ «ጠጥተህ ስትገባ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል?» አለው።

«ምንም። እናቴ ትዋሽልኛለች፣ እህቴ ትጠርግልኛለች፣ አባቴ አያየኝም። ሲነጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። እኔም አምኜው እወጣለሁ።»

ኸይራት ነደዳት። «ገበናህን ሸፈንኩ! አደባባይ ላስጣህ ኖሯል?»

«እትዬ ኸይራት፣ ማንም እርስዎን አልከሰሰም» አላት አምላኩ። «ግን በሽታውን የደበቀ…»

«…መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ ጨረሰችው። ይህን ተረት ለስንቱ ሰው ተርታዋለች። ለራሷ ቤት ሲሆን ግን ያን ቀን ገና ሰማችው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሞጣ በተመለሰች ማግስት የቆየች ደንበኛቸው ጥሩአየሁ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። «ኸይረዲን አልተመለሰም?» አለች።

«ባሕር ዳር አልሄደም» አለች ኸይራት። «መጠጥ ጥሎት ቢቸና እየታከመ ነው።»

ጨርቅ ይቆርጥ የነበረው ሙሐመድሸሪፍ መቀሱን እንደያዘ ቀረ። ጥሩአየሁ «እግዜር ይማረው፣ እህቴ» አለችና እንደ ወትሮዋ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት ጀመረች።

ባሏ አኩርፎ ሰነበተ። አንድ ቀን ከጁምዓ ሲመለስ፣ ፊቱን ሳያዞርላት፣ «የቢቸናው ቀጠሮ መቼ ነው?» አላት።

አብረው ተሳፈሩ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ፣ «ምን ልበለው?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም አትበለው። እየው ብቻ።»

አየው። አባት እንደገባ ልጅ ተነስቶ ቆመ። ሙሐመድሸሪፍ «ከስተሃል» አለው። አምላኩ ወንበር ሳበላቸው። ያን ዕለት ማን ምን ማድረግ እንደሚተው፣ ማን ለቀጠሮ እንደሚያጅበው አራቱም ተነጋግረው ተስማሙ።

ኸይረዲን ቤቱ ገባ፤ ከአረፋ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ተሰናከለ። በማግስቱ ሱቅ መጥቶ፣ «አባዬ፣ ትናንት ጠጣሁ» አለ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰዉ ደጁን ሞልቶታል። ሙሐመድሸሪፍ ደንበኞቹን ይቅርታ ጠይቆ፣ በሩን ዘግቶ፣ ልጁን በክንዱ ይዞ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

ኸይራት ደጁ ላይ ቆማ አየቻቸው። «የት ናቸው?» ያላትን ሁሉ «ሕክምና» ትለው ነበር።