ሊጡ ኩፍ እስኪል

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚለካው በሊጥ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ከሥራ ለሚመለሰው ሰው ቦምቦሊኖ ጠብሰው ይሸጡ ነበርና፣ አመሻሽ ላይ ሊጡን አቡክተው በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑና ከከሰል ምድጃው አጠገብ ያኖሩታል። ከዚያ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠርገው፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ጨርቁን ሽቅብ እስኪያነሳው ድረስ ለኛ ለልጆቹ ተረት ያወሩልናል። ያኔ ኩራዙ ጥላሸቱን ወደ ጣሪያው እየላከ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ፣ የእርሾው ሽታ ከጭሱ ጋር አፍንጫችንን እየኮረኮረ፣ እኛ አንድ ዓይናችን እሳቸው ላይ፣ አንዱ ጨርቁ ላይ ነበር። ጨርቁ ካበጠ አለቀ! ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ቢንጠለጠል እንኳ እትዬ ብድግ ነው።

«በሉ ወደየቤታችሁ! እሱ እዚያው ይጠብቃችኋል።»

አንድ ክረምት እናቴ ታማ ሆስፒታል ገባችና፣ ታናሽ እህቴን ዘመድ ወስዷት እኔ እትዬ ቤት ቀረሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እናትሽ? ነገ ትመጣለች!» ይለኛል። ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገ። እትዬን ስጠይቃቸው ግን ሊጡን እያሹ፣ «አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። እንዴት እንደጠላኋቸው! ትልቅ ሰው እንዴት አያውቅም?

የዚያ ሰሞን ተረት፣ ለታመመች እናቷ ፖም ፍለጋ ስለወጣች ልጅ ነበር። ፖም የሚባለውን ማናችንም አይተን አናውቅም፤ እኔ የሚያበራ እንቁላል ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ ብዬ አንድ ቀን ምን አደረግሁ? የእትዬን እርሾ ደፍቼ በቦታው ዱቄት በውሃ በጥብጬ አስቀመጥኩ። ሊጡ ካልተነሳ ተረቱ አይቋረጥም፤ ተረቱ ካልተቋረጠ ልጅቷ ቤቷ ትደርሳለች፤ እሷ ከደረሰች የኔም እናት ትድናለች። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

እትዬ አወሩ፣ አወሩ። ልጅቷ አንድ ወንዝ ስትሻገር ሌላ ወንዝ ይመጣል። ሊጡ እንደ ድንጋይ ተኛ። ገዢዎቹ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በመጨረሻ እትዬ ጨርቁን ገልጠው ሊጡን በጣታቸው ነካ አደረጉና ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ዛሬስ ቆዳዬ ተገፈፈ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ጉያቸው ሳብ አድርገው፣ «ባውቅ እነግርሽ ነበር» ብቻ አሉኝ። እጃቸው እርሾ እርሾ ይሸታል።

እናቴ አልመጣችም።

ይኸው በቅርቡ ደግሞ፣ እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ታናሽ እህቴ ጄኔቭ ሆስፒታል ገባች። እኔ የምሠራው በዙሪክ በኩል ክሎተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ማዕድ ቤት ነው፤ ፈቃድ ጠይቄ በባቡር ለዛቫንሼ ወደሚባለው የጄኔቭ ዳርቻ ሰፈር፣ እሷ ቤት መጣሁ። የስምንት ዓመት ልጇ ሶስና ብቻዋን ነበረቻ! ሐኪሞቹ ቁርጡን አልነገሩንም። ልጅቷም ምግብ አልቀምስ አለች።

«ነይ ፖም እንጥበስ!» አልኳት።

«ታታ፣ ፖም እኮ ፈረንሳይኛ ነው» አለችኝ፤ ታታ የምትለኝ አክስቴ ለማለት ነው።

«ከኛ ሰርቀው ነው!» አልኩና የመጀመሪያ የሥራ ሳምንቴን አወራሁላት። አለቃው «ፖም! ፖም!» እያለ ሲጮህ ሮጬ አንድ ሳጥን ፖም አመጣሁለት። ለካ ዙሪኮች ፖም የሚሉት የድንች ጥብሱን ነው! ማዕድ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ። ሶስናም ፈገግ አለች።

ወተት ለብ አድርገን እርሾ በተንንበት፤ ዱቄትና እንቁላል ጨምረን ወፈር አድርገን መታነው። ፖሙን ልጠን፣ ልቡን አውጥተን እንደ ቀለበት ቆራረጥነው። ሊጡን ሸፍኜ የእትዬን ተረት ጀመርኩላት፤ ልጅቷን ወንዝ ዳር ሳደርሳት ሶስና አቋረጠችኝ።

«ማማ መቼ ነው የምትመጣው? ደማን?»

ደማን በነሱ ቋንቋ ነገ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ደማን ሲላት ሰንብቷል። እኔ አፈ ሰፊዋ ደግሞ ዝም አልልም፣ «ሊጡ ኩፍ ሲል ትደውልልሻለች!» ብዬ እርፍ።

የልብስ ማጠቢያ ተራችን ስለነበር ምድር ቤት ወርጄ ቆየሁ። ስመለስ የሊጡ ሳህን የለም። ሶስና የቤቱ ማሞቂያ ላይ ሰቅላው፣ የክረምት ጃኬቷን አልብሳዋለች። ሊጡ ገንፍሎ በማሞቂያው ጎን ይወርዳል። እሷ ከሥሩ ቁጭ ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ታታ፣ ኩፍ ብሏል» አለችኝ።

ስልኩ ዝም። እኔም አጠገቧ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ሶስና፣ ዋሽቼሽ ነው። መቼ እንደምትደውል አላውቅም። መቼ እንደምትመጣም አላውቅም።»

«ደማንም አይደለም?»

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ፤ ደግማ መታችኝ። ከዚያ ጉያዬ ገብታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የኔ ለቅሶ መቼም እስከ ምድር ቤት ይሰማል። ኋላ ላይ አፍንጫዋን ጠርጋ፣

«ልጅቷስ? ፖሙን አደረሰች?» አለች።

«እሱንም አላውቅም። እትዬ ሳይጨርሱልኝ ቀሩ።»

«ምንም አታውቂም እንዴ፣ ታታ!»

ከማሞቂያው የፈሰሰውን ጠርገን፣ በሳህኑ የቀረው ውስጥ ፖሙን እየነከርን ጠበስነው። ሊጡ ከልክ በላይ ስለቆየ ጎምዘዝ ብሏል፤ ስኳር ነሰነስንበት። ሶስና አራት በላች።

ይህን ስጽፍም እህቴ ሆስፒታል ናት። አንዳንድ ቀን ድምጿ በስልክ ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማም። ከእትዬ ብዙነሽ ተረቶች ብዙውን ረስቻለሁ፤ የዚያ ሁሉ ሰው «ነገ»ም ጠፍቶብኛል። ያ የጠላሁት «አላውቅም» እና ያ እርሾ የሚሸት እጅ ግን አልጠፉም። ያኔ ብቻዬን ያልተዉኝ እሳቸው ብቻ እንደነበሩ የገባኝ፣ እኔው ራሴ ዋሽቼ ካየሁት በኋላ ነው።

ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «ታታ፣ ዛሬስ?» ትለኛለች።

«ዛሬም አላውቅም።»

ቦርሳዋን ታወርዳለች። ከዚያ ከቅርጫቱ ሁለት ፖም አንስታ አንዱን ትወረውርልኛለች።