አትራክታና የበግ አርቢዎቹ ግሩፕ

አትራክታ ጌራቲ ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደብሊን ውስጥ አንድ ድርጅት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሠራ ነበር። ሥራችን ሰዎች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የለጠፉትን እያየን "ይቆይ" ወይም "ይነሳ" ማለት ነው። ቀጣሪያችን የገጹ ባለቤት ሳይሆን ሥራውን በኮንትራት የወሰደ ሌላ ድርጅት ነው። ስንቀጠር የምንሠራውን ለማንም እንዳንናገር ወረቀት አስፈርመውናል። አትራክታ ያላት ዘመድ ኮልማን የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ ሮስኮመን በሚባል የአየርላንድ ገጠር በግ ያረባል። ለእሱም "ኮምፒውተር ነገር ነው የምሠራው" ብላው ነበር። እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቃትም።

ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ሮስኮመን፣ በትንሿ ከተማቸው ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆማለች። ባለቤቱ አርጅቶ ሲዘጋው ነው ደብሊን የመጣችው። ማን የእንቅልፍ ኪኒን እንደሚወስድ፣ ማን ለሚስቱ ሳይነግር የስኳር መድኃኒት እንደሚገዛ ታውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ከአፏ አልወጣም። መድኃኒት ታውቃለች ተብሎ ስለ ጤና የተለጠፈው ሁሉ ውሳኔ ለማግኘት የሚሰለፍበትን፣ የጤና ወረፋ የምንለውን ሰጧት። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር፤ የክብደት መቀነሻ ሻይ፣ የፀጉር ማብቀያ ቅባት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ።

ወረርሽኙ ሲመጣ ሁላችንንም ኮምፒውተር አሸክመው ወደየቤታችን ሰደዱን። አትራክታ ካብራ በሚባለው ሰፈር ኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ትሠራ ጀመር። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው ውኃ፣ በፀጉር ማድረቂያ ትኩስ አየር መሳብ፣ በሽታውን ያመጣው እሱ ነው እያሉ የስልክ ማማ ማቃጠል፤ በቀን አራት መቶ አምስት መቶ ታያለች። ደንቡም በየሳምንቱ ይለወጣል። ሰኞ ጠዋት በኢሜይል ይመጣና ባለፈው ሳምንት "ይነሳ" ያልነው "ይቆይ" ይሆናል፤ "ይቆይ" ያልነውም "ይነሳ"። ለምን እንደተለወጠ የሚነግረን የለም።

በሁለተኛው ዓመት መግቢያ፣ ጥር ላይ፣ ከኮረብታ በግ አርቢዎች ግሩፕ አንድ ፖስት ወረፋዋ ውስጥ ገባ። ግሩፑን ታውቀዋለች፤ ኮልማን በየሳምንቱ የአውራ በጎቹን ፎቶ የሚለጥፍበት ነው። አሥራ አንድ ሺህ አባል አለው። ማላኪ ታንሲ የሚባል በግ ሸላች እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "አራት ቀን በበሽታው ተኛሁ። ለበጎቼ የምሰጠውን የትል መድኃኒት ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን ኮረብታው ላይ ነበርኩ።" ከሥሩ ኮልማን "እንኳን ለዚህ አበቃህ ወንድሜ፣ እኔም ይዤዋለሁ" ብሎበታል።

አትራክታ "ይነሳ" አለች።

በሁለተኛው ቀን አለቃችን ፊያክራ ደወለላት። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

"አትራክታ፣ የበግ ሸላቹን ነገር የጥራት ተቆጣጣሪዎቹ ስሕተት ብለው መዝግበውብሻል። እንደኔ እንደኔ ልክ ነሽ። በደንቡ ግን ስሕተት ነው።"

"ምኑ ነው ስሕተቱ?"

"'ውሰዱ' አላለማ። 'ወሰድኩ' ነው ያለው። የራሱን ገጠመኝ የተናገረ ሰው ከሰኞ ጀምሮ አይነሳም።"

"ፊያክራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፋርማሲ ሠርቻለሁ። ሰው እኮ 'ውሰድ' ስላልከው አይወስድም። ጎረቤቱ 'ወሰድኩ፣ ዳንኩ' ሲለው ነው የሚወስደው።"

"አውቃለሁ። ደንቡን እኔ አልጻፍኩትም።"

"ታዲያ ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ እንጃ። ከላይ ነው የሚመጣው።"

ፖስቱ ተመለሰ። እሑድ ከሰዓት ኮልማን እንደ ልማዱ ደወለላት፤ ድምፁ በደስታ ሞቅ ብሏል።

"ሰማሽ ጉዱን? የማላኪን ጽሑፍ አጥፍተውት ነበር። አሁን መልሰውታል!"

"እና ምን ይሁን?"

"እውነት ባይሆን ለምን ይደብቁታል? ደግሞስ እውነት ባይሆን ለምን ይመልሱታል?"

አትራክታ የፈረመችውን ወረቀት እያወቀች "ኮልማን፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለችው።

ውሻው ከበስተጀርባ ሲጮህ ይሰማታል።

"አንቺ?"

"እኔ። ሥራዬ እሱ ነው። መድኃኒቱ ለበግ ነው የተሠራው ኮልማን፣ ላንተ አይደለም። ይልቅ ከታመምክ ሐኪም..."

"ቆይ፣ ቆይ። እንግዲህ በየሳምንቱ ስናወራ የምጽፈውን እያነበብሽ ነበር ማለት ነው?"

"አይደለም፣ እንዲያው ወረፋዬ ላይ ደርሶኝ ነው..."

"ማላኪ የአባታችንን ሬሳ ሣጥን ተሸክሟል። ታስታውሻለሽ? ቀኝ ትከሻው ላይ ነበር። የእሱን አፍ ነው የዘጋሽው።"

ስልኩን ዘጋባት። በሚቀጥለው እሑድ አልደወለም። በዚያኛውም አልደወለም።

ኮልማን መታመሙን የነገራት ባርትሊ ፊኒ ነው። ባርትሊ የሰባ አራት ዓመት ሰው ነው፤ የግቢው በር ከኮልማን በር ትይዩ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። አትራክታ እንዳትሄድ ከቤት አምስት ኪሎ ሜትር ማለፍ ክልክል ነው፤ መንገዱ ላይ ፖሊስ ያስቆማል። ብትሄድስ ኮልማን በር ይከፍትላታል? በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች፤ አያነሳም። ለአገሩ ሐኪም ደወለች፤ "ራሱ ካልጠራኝ አስገድጄ አላክመውም" አላት። ባርትሊ በየጠዋቱ በመስኮት ያየውን ይነግራት ጀመር። "መጋረጃው ተከፍቷል።" "ጭስ ማውጫው ይጨሳል።" እሷም በዚያ ወሬ ቀኑን ትውላለች።

ኮልማን አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጠንካራ ነው። በአሥረኛው ቀን ተነሳ። ተነስቶም ጻፈ፦ "ዘጠኝ ቀን ወድቄ ነበር። በጎቼ የሚጠጡትን ጠጣሁ። ዛሬ ራሴ መገብኳቸው። ያልገባኝ ነገር፣ እስካሁን የበግ ፀጉር አላበቀልኩም።" ሰው ሁሉ ሳቀለት።

ያ ጽሑፍ አንድ ሰው ጠቁሞበት አትራክታ ዘንድ መጣ። ደንባችን ሰውየውን ካወቅሽው ፖስቱን መልሺ ይላል፤ ለሌላ ሠራተኛ ይሄዳል። አላውቀውም ብላ ብትዋሽና "ይነሳ" ብትል ማንም ላያውቅ ይችላል። ግን ከዚህ ቀደም ያጠፋችው ምን እንዳስከተለ አይታለች። ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈት ብሎ መዘገባት። በመጨረሻ ሳትወስንበት ወደ ወረፋው መለሰችው።

ማን እጅ እንደገባ አይታወቅም። እኔም እዚያው ወረፋ ላይ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት "ወሰድኩ፣ ዳንኩ" ከሚሉት ስንቱን "ይቆይ" እንዳልኩ ቁጥሩን አላስታውስም፤ የበግ መድኃኒት የሚሉም ነበሩበት። የኮልማን ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም፤ ለማወቅም መንገድ የለኝም። ጽሑፉ ግን ቆየ።

ከሥሩ ባርትሊ ጻፈ። ስልኩን ልጁ ለገና ገዝታለት አጠቃቀሙን አስተምራው ነበር። "ጎበዝ ኮልማን። እኔም ጎተራ ውስጥ አለኝ።"

አትራክታ ወዲያው ደወለችለት።

"ባርትሊ፣ አትራክታ ነኝ።"

"ኦ፣ የደብሊኗ እመቤት! ምነው፣ መጋረጃው ተከፍቷል ብዬሽ የለ እንዴ?"

"ዛሬ ለእርስዎ ነው የደወልኩት። እንዴት ነዎት?"

"ሳል ቢጤ ይዞኛል። ሦስተኛ ቀኔ ነው። ምንም አይደል፣ የወንድምሽን መድኃኒት ጀምሬያለሁ። አውራ በጌ ሲጠጣ ፊቱን የሚያጨማድደው ለካ እውነቱን ነው!"

"ባርትሊ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይተዉት። አሁኑኑ ለሐኪም ይደውሉ። በእርስዎ ዕድሜ ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም።"

"አንቺ ልጅ፣ ፋርማሲ ሳለሽ ለጉልበቴ ቅባት ሸጠሽልኝ ነበር። ጉልበቴ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው" አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ብዙ ቆየ። ጠበቀችው።

"ስሚ" አላት ትንፋሹ ሲመለስ፣ "ክፉ እንደማትመኚልኝ አውቃለሁ። ግን ኮልማንን በዓይኔ አየሁት። ታመመ፣ ወሰደ፣ ተነሳ። ማዶ ነው ያለው፣ አሁንም ይታየኛል፣ ድርቆሽ ተሸክሟል። አንቺ የምትይውን ደግሞ ማን አየው?"

አትራክታ ያን ጊዜ ያላለችው ብዙ ነገር በኋላ መጣላት። ኮልማን ባይወስድም ይነሳ ነበር፤ በእሱ ዕድሜ አብዛኛው ሰው ይነሳል። ይሄንን ግን በመስኮት ማሳየት አይቻልም።

ለኮልማን ደወለች። በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ።

"ባርትሊን ሐኪም ዘንድ ውሰደው።"

"እኔ ድኛለሁ፣ እሱም ይድናል።"

"አንተ አርባ ስምንት ነህ፣ እሱ ሰባ አራት ነው!"

"ደግሞ እሱንም ልታጠፊው ነው?" ብሎ ዘጋ።

ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ ባርትሊን ሲያነጋግረው "ደህና ነኝ፣ ይልቅ የታመመ እርዳ" አለው። አምቡላንስ ጠራች። መጡ። ባርትሊ ክራቫቱን አስሮ በር ላይ ጠበቃቸው፤ ይቅርታ ጠይቆ፣ እስከዚያ ድረስ ስላደከማቸው አመስግኖ ሸኛቸው። አልሄድም ያለን ሰው ማንሳት አይችሉም። ጎልዌይ ከተማ ለምትኖረው ለባርትሊ ልጅ ደወለች። ልጅቱ አለቀሰች፤ አባቷን ለመነች፤ "ነገ እናያለን" አላት። በየቀኑ ነገ እናያለን ይላታል።

በታመመ በስምንተኛው ቀን ስልክ ሳያነሳ ቀረ፤ በአምቡላንስ ወሰዱት። ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ ለልጁ "የበግ መድኃኒቱ ነው የገደለው አልልም። ቀድሞ ቢመጣ ግን ምናልባት... ምናልባት ነው የምለው" አላት።

ቤተ ክርስቲያን መግባት የሚፈቀደው ለአሥር ሰው ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በየግቢው በር ላይ ቆሞ የሬሳ መኪናውን አሳለፈ። አትራክታ ቀብሩን በኢንተርኔት አየች፤ የራሷ ኮምፒውተር ስለሌላት በዚያው በሥራው፣ በምሳ ሰዓቷ። ምስሉ ሁለቴ ተቋረጠ። ሦስት ደቂቃ አርፍዳ ወደ ወረፋዋ ስትመለስ የመጀመሪያው ፖስት ስለ ዝንጅብል ነበር።

ግሩፑ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው "ነፍስ ይማር" አለ። አንድ ሰው ባርትሊ ከተሸለመ አውራ በጉ ጋር የቆመበትን ፎቶ ለጠፈ። ሌላው "ሆስፒታል ነው የገደለው፣ እቤቱ ደህና ነበር" ብሎ ጻፈ። ኮልማን ምንም አልጻፈም። የቀድሞ ጽሑፉም ካለበት አልተነሳም።

መጋቢት ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮልማን ራሱ ደወለላት።

"አጠፋችሁት አይደል?"

"ምኑን?"

"ግሩፑን። እንዳለ። የአሥር ዓመት በጎቼ ፎቶ፣ የማን በግ ከማን እንደተወለደ የጻፍነው ሁሉ። የባርትሊ ፎቶ እዚያ ብቻ ነበር። ልጁ ደውላልኝ እያለቀሰች ነው።"

"እኔ አይደለሁም ኮልማን። ማን እንዳደረገውም አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? እዚያ አይደል የምትሠሪው?"

ፊያክራን ጠየቀችው። እሱም የሰማው ከእሷ ነው። ፎቶው እንኳ ለልጁ እንዲሰጥ ቅጽ ሞልታ ላከች። በአራተኛው ቀን "ውሳኔው የመጨረሻ ነው" የሚል መልስ መጣ፤ ስም የለበትም። በግ አርቢዎቹ ግን በዚያው ዕለት ማላኪ ወደ ከፈተው ዝግ የስልክ ግሩፕ ተሻግረው ነበር። እዚያ ምን እንደሚባል እሷም እኔም ማየት አንችልም።

ሰኔ ላይ መንገዱ ሲከፈት በአውቶቡስ ሄደች። ኮልማን ከበሩ እስከ አጥሩ ሲሸኛት ሁለት ጊዜ ቆሞ አየር ሳበ፤ አጥሩን የሚያይ አስመሰለ። ከዚያ በፊት እቤት ተቀምጠው ሻይ አፍልቶላት ነበር። ስለ ዝናቡና ስለ ድርቆሹ አወሩ። የባርትሊ ቤት መስኮት ተዘግቷል፤ ሁለቱም ወደዚያ አላዩም።

"ተከተብክ?" አለችው።

"አልተከተብኩም።"

"ትከተባለህ?"

"ዳቦውን ብዪ" አለና ቅቤውን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

በላች። በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰች። እስከ ጥቅምት አብራኝ ሠራች፤ ከዚያ ለቀቀችና አትሎን ከተማ አንድ ፋርማሲ ገባች። ኮልማን እሑድ እሑድ ይደውልላታል፤ ስለ በጎቹ ይነግራታል። ይከተብ አይከተብ ግን እስከ ዛሬ አልነገራትም፤ እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችውም።